መልስ፦ የአልኮል ምድጃ ብርድ ላይ ለምን አልቀጣጠል ይላል?

ሐዋሳ ላይ ጥሩ ይሠራ የነበረው የአልኮል ምድጃ የባሌው ብርዳማ ከፍታ ሳነቴ ላይ ሲነጋጋ አልቀጣጠል አለኝ ላልከው፣ ምድጃህ ደህና ነው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው፤ አልኮሉ ሲቀዘቅዝ ክብሪት የሚይዝ በቂ ተን አይወጣውም። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የሚበቃህን በትንሽ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀህ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጃኬትህ ውስጥ ደረትህ ላይ ያዘው።

ምድጃውን ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አታስቀምጥ፣ ሙቀቱን ይመጥበታል፤ ከሥሩ ቁራጭ ጣውላ አድርግ። የፎይል መከለያ ዙሪያውን አቁም፣ ግን ከታች አየር የሚገባበት ክፍተት ተው።

ስትገዛ መለያውን አንብብ። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 ፐርሰንት ነው፤ አልኮሉ ነዶ ሲያልቅ ውሃው ምድጃው ውስጥ ይቀርና እሳቱ ይደክማል። 96 ፐርሰንቱን ፈልግ። ግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር አልኮል ያዝ፣ ንፋስ ካለ ጨምር።

አደራ፣ ጠፍቷል ብለህ ወዲያው አትሙላበት፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፣ እሳቱ ተስቦ እጅህ ላይ ወዳለው ጠርሙስ ይገባል። ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ብርዱ ቢጠናም ድንኳን ውስጥ አታንድደው፤ እሳቱ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።