በቃል የታዘዛችሁትን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ለጡረታ መሥሪያ ቤት ወጣት ሠራተኞች

ውድ ልጆቼ፣

በማኅበራዊ ዋስትና ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ወጣቶች እየመጣችሁ የምትነግሩኝ ስጋት ተመሳሳይ ነው፦ አለቃው መመሪያውን ወደ ጎን ትቶ በቃል ያዝዛል፣ የጠየቀ ሠራተኛ «አስቸጋሪ» ይባላል፣ የደረጃ ዕድገት ሲመጣም ስሙ ይዘለላል። ዕድሜዬን ደሴ ላይ የጡረታ ፋይል ሳገላብጥ ስለኖርሁ ስጋታችሁ ከንቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ቡና ላይ ተወርቶ የሚቀር ስጋት ጡረተኛውንም እናንተንም አያድንም።

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ የማን እንደሆነ አትርሱ። ከመንግሥት ሲቪል ሠራተኛውም ሆነ ከግል ድርጅት ሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ያን 7 በመቶ በእጇ ሳትነካው ለእናንተ አደራ ሰጥታለች። በ2014 ዓ.ም. የወጡት የጡረታ አዋጆች፣ የመንግሥት ሠራተኞቹ ቁጥር 1267 እና የግል ድርጅት ሠራተኞቹ ቁጥር 1268፣ ለእሷና ለመሰሎቿ የተጻፉ ናቸውና አለቃ ሊያላላቸው ሥልጣን የለውም።

ብዙ ጊዜ ፈተናው የሚመጣው በዕድሜ ጉዳይ ነው። መደበኛው የመጡሪያ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ የሚያዘውም ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ያስመዘገበው ዕድሜ ነው። በእኛ በወሎ የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ «በ66ቱ ድርቅ ጊዜ እረኛ ነበርሁ» ብሎ የሚቆጥር አባት በመስኮታችሁ ፊት ቆሞ ዕድሜው እንዲስተካከልለት ሲለምን አንጀት ይበላል። እሱን «ሕጉ አይፈቅድም» ብላችሁ ከመለሳችሁት በኋላ፣ አለቃው «የእኛ ሰው ነው፣ አዲሱን የልደት ማስረጃ ተቀበሉለት» የሚለው ሌላ ሰው በጓሮ በር ከገባ፣ የተበደለው ያ የመለሳችሁት አባት ነው። እኔን ከማንኛውም ጉድለት ይልቅ የሚያመኝ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲደርሳችሁ በትሕትና «በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። አብዛኛው ሕገ ወጥ ትእዛዝ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ፊርማውን የሚያኖርበት ሰው አይገኝምና። አልጽፍም ካሏችሁ እናንተ ማስታወሻ ጻፉ፦ ቀኑን፣ የታዘዛችሁትን፣ የሚከለክለውን አንቀጽ፣ ከዚያም ውሳኔ እንዲሰጥበት የምትጠይቁ መሆኑን። በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር አሰጥታችሁ ከፋይሉ ጋር አያይዙት። «አለቃዬ ሙሰኛ ነው» የሚል ቃል ከብዕራችሁ አይውጣ፤ የሆነው ነገር ብቻ ይጻፍ፣ ፍርዱን ኦዲተሩ ይሰጣል።

ፍትሐዊም ሁኑ። አለቃ ያፋጠነው ፋይል ሁሉ አድልዎ የለበትም፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿ የተራቡባት ሴት የተተኪ አበሏን፣ ማለትም የባሏን አበል 50 በመቶ፣ ቶሎ እንድታገኝ ፋይሏን ያስቀደመ ኃላፊ መልካም አድርጓል። ማስረጃው ሳይሟላ ክፈሉ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ከመክሰሳችሁ በፊት መመሪያውን ራሳችሁ አንብቡ፤ ከጓደኛ የሰማችሁት አይበቃም።

አንዳንዶቻችሁ ጉዳዩን በሽምግልና ለመጨረስ ታስባላችሁ። ወሎ አበጋሮቹ፣ ማለትም በደም የተፈላለጉትን የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች፣ ደም ያደረቁበት አገር ስለሆነ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከአለቃችሁ ጋር በቃላት ተጋጭታችሁ ከሆነ ሽማግሌ ያስታርቃችሁ፣ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ። የጡረተኛውን ገንዘብ በተመለከተ ግን ይቅር ለማለት ባለቤቱ በዚያ ሸንጎ ላይ የለም።

ማስታወሻችሁ መልስ ካጣና ስጋቱ የብዙዎች ከሆነ በጋራ ፈርማችሁ ለሥነ ምግባር ክፍሉ አቅርቡ፤ የወንጀል ጥርጣሬ ካለበት የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዳለ እወቁ፣ ከመጠቆማችሁም በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። በእጃችሁ የምታስቀሩት የራሳችሁን ማስታወሻ ቅጂ ብቻ ይሁን፤ የጡረተኛውን ፋይል ግን በምንም ምክንያት ወደ ቤት አትውሰዱ።