የልጄ ጥርሶች የተደራረቡት በአመጋገቧ ምክንያት ነውን?

ጥያቄ፦ 8 ዓመት የሆናት ልጄ የታችኛው የፊት ቋሚ ጥርሶቿ ተደራርበው ወጡ። ምግብ ለስላሳ ካልሆነ አትወድም፤ ስትተኛም አፏን ከፍታ ነው። የአባቴ ጥርሶች ግን እስከ ዛሬ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ናቸው። ጥፋቱ የዘር ነው ወይስ የአመጋገብ? ጠንካራ ምግብ እንድታኝክ ባደርግ ይስተካከላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ዘርም አመጋገብም ድርሻ አላቸው። የጥርስ መጠን በአብዛኛው በዘር የሚወሰንና ጥርሱ ከድድ ከመውጣቱ በፊት ያለቀ ነገር ሲሆን፣ መንጋጋ ግን በልጅነት ዘመን ሁሉ የሚያድግና በማኘክ በሚያርፍበት ጫና ልክ የሚዳብር አጥንት ነው። ስለዚህ ጥርሶቹ የወረሱትን ስፋት ይዘው ሲመጡ፣ ብዙ ያልሠራ መንጋጋ በቂ ቦታ ሳያዘጋጅ ሊጠብቃቸው ይችላል።

ተመራማሪው ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ የበሰለ ለስላሳ ምግብ እየበሉ ያደጉ ሽኮኮዎች ጥሬና ደረቅ ከበሉት ይልቅ የፊታቸው የታችኛውና የኋለኛው ክፍል እድገት በ10 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። በሰው ረገድም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የራስ ቅሎች ጥናት፣ ለስለስ ያለ ምግብ የሚበሉት የገበሬ ማኅበረሰቦች የታችኛው መንጋጋ በአደንና በለቀማ ከኖሩት አጠር ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። በነገራችን ላይ፣ የጥንት ሰዎች ጥርሶች በሻካራ ምግብ ከላይም እርስ በርስ በሚነካኩበት ጎንም ይፋቁ ስለነበር፣ ያ መፋቅ ራሱ ቦታ ይከፍትላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ተደራርቦ የወጣን ጥርስ በማኘክ ማስተካከል ይቻላል ማለት አይደለም። ልጅዎ ማኘክ የሚጠይቅ ምግብ እንድትለምድ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የወጣ ጥርስ በዚህ ወደ መስመሩ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። መንጋጋ ያሰፋሉ ተብለው የሚሸጡትን የሚታኘኩ ላስቲኮችም አልመክርም፤ የመንጋጋን መገጣጠሚያ ሊያሳምሙ ይችላሉ።

ከአመጋገቧ ይልቅ ያሳሰበኝ አፏን ከፍታ መተኛቷ ነው። አፍ ሲዘጋ ምላስ ላንቃ ላይ ያርፍና ጉንጮች ወደ ውስጥ የሚያሳድሩትን ግፊት ይመክታል፤ በአፍ የሚተነፍስ ልጅ ግን ምላሱ ወደ ታች ስለሚወርድ ላንቃው እየጠበበ፣ ፊቱም እየረዘመ ሊሄድ ይችላል። ብዙውን ጊዜ መንሥኤው ያበጠ አዴኖይድ (ከአፍንጫ በስተኋላ ያለ እጢ) ወይም ቶንሲል፣ አለዚያም የአፍንጫ አለርጂ ነው። በተለይ የምታንኮራፋ ወይም በእንቅልፏ ትንፋሿ ቆም የሚል ከሆነ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ሳይዘገይ ይያት። ጣት የመጥባት ልማድ ካላትም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የወተት መንጋጋ ጥርሶቿንም አደራ፤ ይወልቃሉ ተብለው የሚናቁ አይደሉም። ከጊዜያቸው በፊት በመበስበስ ከተነቀሉ፣ በ6 ዓመት ገደማ የሚወጣው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ወደፊት ይንሸራተትና ለተተኪዎቹ የተጠበቀውን ቦታ ይይዛል። እዚህ ላይ ስኳር የበዛበት ለስላሳ ምግብ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ከስኳሩ መጠን ባልተናነሰ በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ መግባቱ ወሳኝ ነው፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ትቦርሽ።

በዚህ ዕድሜ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጥቂት መጣበብ የተለመደ ሲሆን አንዳንዴም በራሱ ይቀንሳል። መጠኑን በምርመራና በራጅ የሚለየው የጥርስ አሰላለፍ ስፔሻሊስት ነው። ላንቃዋ ጠቦ ከተገኘም፣ የላንቃ መሃል መጋጠሚያ ገና ስላልጠነከረ በማስፊያ መሣሪያ ማስፋት ከጎልማሳነት ይልቅ አሁን ይቀላል።