ከፍቺ በኋላ ግብሩ የማን ነው? ጥያቄና መልስ

የግብር ወቅት በመጣ ቁጥር ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ገሚሱ ሒሳብ፣ ገሚሱ ሐሜት ነው። ለዛሬ አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ስለ ፍቺና ስለ ቤተሰብ ለውጥ የጠየቁኝን መርጫለሁ። አሳጥሬያቸዋለሁ፤ በተለይ ስድቡን።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ያፋታን ዲሴምበር 29 ነው። ዓመቱን ሙሉ ባልና ሚስት ነበርን ማለት ይቻላል። ግብራችንን በጋራ ማሳወቅ እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። የሚታየው ዲሴምበር 31 ላይ ያላችሁበት ሁኔታ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን የተወለደችው ዲሴምበር 31 ማታ ነው። የዚህ ዓመት ናት ወይስ የሚቀጥለው?

መልስ፦ የዚህ ዓመት፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ እንደነበረች ትቆጠራለች። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን ቶሎ ያውጡላት። እናትየዋንም እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ።

ጥያቄ፦ አንድ አባት ቀለብ የሚከፍሉት እሳቸው ሆነው፣ የፍቺው ውሳኔም ልጁን በግብር እሳቸው እንዲይዙት (በጥገኝነት እንዲያስመዘግቡት) እያዘዘ፣ እናትየዋ ቀድማ እንደያዘችው በምሬት ጽፈዋል።

መልስ፦ አይአርኤስ (የአሜሪካ ፌዴራል ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የሚቆጥረው ሌሊት ነው። ልጁ በዓመቱ ውስጥ ብዙውን ሌሊት ያደረው ከማን ጋር ነው? እኩል ከሆነ ገቢው የሚበልጠው ወላጅ ይይዘዋል። የልጅ ቀለብ ለከፋዩ አይቀነስም፤ ለተቀባይዋም ገቢ አይደለም። ከ2008 በኋላ የተሰጠ የፍቺ ውሳኔም ብቻውን አይበቃም፤ እናትየዋ ልጁን የመያዝ መብቷን የምትለቅበትን ቅጽ 8332 ፈርማ ልትሰጥዎ ይገባል። ብትፈርምም የሚያገኙት የልጅ የግብር ቅናሹን ነው እንጂ፣ በ«ቤተሰብ ኃላፊነት» (ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ላላገባ ሰው በተመደበው የግብር ምድብ) የማሳወቁ መብት ወደ እርስዎ አይዞርም። አልፈርምም ካለች ጉዳዩ የጠበቃዎ ነው፤ እኔ አላስታርቅም።

ጥያቄ፦ ለቀድሞ ባለቤቴ የምከፍለውን መተዳደሪያ ከገቢዬ ልቀንስ?

መልስ፦ ስምምነቱ ከ2018 ማብቂያ በኋላ የተፈጸመ ከሆነ አይቀነስም፤ እሷም እንደ ገቢ አታስመዘግበውም። የቆየ ስምምነት ከሆነ ወረቀቱን ይዘው የሒሳብ ባለሙያ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ረጅም ደብዳቤ ልከዋል። የቀድሞ ባላቸው ታክሲ ይነዳ ነበር። ግብሩን የሚያሠራው እሱ፣ በተጠቆሙበት ቦታ የሚፈርሙት እሳቸው ነበሩ። ከተፋቱ በኋላ ያልተመዘገበ ገቢ ተገኘና የዕዳው ደብዳቤ በእሳቸው ስም መጣ። «ዳኛው ያለፈውን ግብር እሱ ይክፈል ብሎ ወስኗል። ታዲያ እኔን ለምን?» ይላሉ።

መልስ፦ ዳኛው ያዘዘው የቀድሞ ባልዎን እንጂ አይአርኤስን አይደለማ! በጋራ ማስታወቂያ ላይ የፈረመ ሁሉ ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ነው፤ ለግማሹ አይደለም። ባልዎ ስልክ ካላነሣና እርስዎ ደመወዝተኛ ከሆኑ፣ በቀላሉ የሚገኙት እርስዎ ነዎት።

በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ አጭር ነው። ባልና ሚስት ጠረጴዛዬ ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሰዓቱን ያያል። ወረቀቱን ወደ ዝምተኛው ሳዞር «እሱ ያውቃል» እባላለሁ። («እሷ ታውቃለች» የሚሉም አሉ፤ ወንዶች አትሳቁ።) ያገለገለ መኪና ሲገዛ መካኒክ ጠርቶ ቦኔት የሚያስከፍት ሰው፣ ሁለት ገጽ ቅጽ ማንበብን የትዳር ጓደኛን እንደ መጠርጠር ይቆጥረዋል።

መውጫ አለ። ቅጽ 8857 ሞልተው ከዕዳው ነጻ እንዲደረጉ ይጠይቁ። ሲፈርሙ ስሕተቱን እንዳላወቁ፣ ለማወቅም የሚያበቃ ምክንያት እንዳልነበረዎት ማሳየት ይኖርብዎታል፤ «አላነበብኩትም» ብቻውን አያድንም። በዛቻ ወይም በዱላ ያስፈረመዎት ከሆነ ይጻፉት፤ ይታይልዎታል። ማመልከትዎን አይአርኤስ ለእሱ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ አድራሻዎን ግን አይሰጠውም። አይአርኤስ ከእርስዎ መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ ለዋናው ጥያቄ ያለዎት ጊዜ ሁለት ዓመት ነውና ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። ሌላ ጊዜ ባለሙያ ያማክሩ የምለው ለወጉ ነው፤ አሁን ግን የምሬን ነው። የግብር ጠበቃ ይያዙ። አቅም ከሌለዎት ለዝቅተኛ ገቢ ግብር ከፋዮች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ የሕግ ክሊኒኮች አሉ። በዚህ ሳምንት ይደውሉ።

ጥያቄ፦ በፍቺው ቤቱ ለእኔ ደረሰ። ግብር አለበት?

መልስ፦ ዝውውሩ የለበትም። ሲሸጡት ግን ትርፉ የሚሰላው መጀመሪያ ከተገዛበት ዋጋ ተነሥቶ ነው፤ መስፈርቱን አሟልተው ብቻዎን ሲሸጡ ከግብር ነጻ የሚሆነው ትርፍ እስከ 250,000 ዶላር ነው፤ ባልና ሚስት ሳላችሁ ቢሸጥ እስከ 500,000 ይሆን ነበር። የቀድሞ ሚስትዎ ጥሬ ገንዘቡን፣ እርስዎ ቤቱን «እኩል» ከተካፈላችሁ፣ የነገው ግብር የወደቀው በእርስዎ ድርሻ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለፍቺ ጠበቃ የከፈልኩት ይቀነሳል?

መልስ፦ አይቀነስም።

ጥያቄ፦ ከፍቺው በኋላ ብቻዬን ነኝ። አገር ቤት ያለችውንና የምጦራትን እናቴን በጥገኝነት ላስመዝግብ?

መልስ፦ እናትዎ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆኑ አይቻልም። በካናዳና በሜክሲኮ ለሚኖሩ ይፈቀዳል፤ ለምን እነሱ ብቻ እንደሆኑ እኔን አይጠይቁኝ።