መልስ፦ ቧንቧው ውሃ ከሌለው የአሲድ ሙከራ ላሠራ?

እህቴ፣ ድሬዳዋ ኬሚስትሪ እንደምታስተምሪና የላብራቶሪው ቧንቧ ውሃ እንደሚጠፋበት ጽፈሻል። በበኩሌ፣ ውሃ ሳይኖር የአሲድ ሙከራ በፍጹም አትጀምሪ።

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳይቋረጥ መታጠብ አለበት። የዓይኑን ቆብ በጣት ከፍቶ ይዞ፣ ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ እንዲፈስ ማድረግ ነው። ለዚህ አንድ ሃይላንድ የትም አያደርስም። ቧንቧ ያለው በርሜል በንጹህ ውሃ አስሞልተሽ በሩ አጠገብ አስቀምጪ። ዓይኑ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ተጎጂው ወደ ሐኪም ቤት።

አሲዱን ቀስ እያልሽ ውሃው ላይ ጨምሪ እንጂ ውሃውን አሲዱ ላይ አታፍስሺ፤ ፈልቶ ይረጫል።

ሌላው የድሬ ሙቀት ነው። የኢታኖል (የአልኮል) ተን ከ13 ዲግሪ ጀምሮ ብልጭታ ካገኘ እሳት ይይዛል፤ ከክብሪትና ከመስኮት ፀሐይ አርቂው። ልጆቹም ቢሞቃቸው እንኳ በነጠላ ጫማ አይግቡ።