የፔጆ 404 የኋላ መብራት፦ ከአምፖሉ በፊት ማሳው

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ከአባቴ የወረስኩት ፔጆ 404 አለኝ። አባቴ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሠርቶበታል። የኋላ መብራቱ በጣም ደክሟል፤ ባለፈው ወር አመሻሽ ላይ ደንገጎን ስወርድ ከኋላዬ የነበረ አይሱዙ ፍሬን መያዜን ሳያይ ቀርቶ ከመገጨት ለጥቂት ተረፍኩ። ታይዋን ገበያ ሄጄ ነጭ የኤልኢዲ አምፖሎች ገዝቼ ገጠምኩ፤ ነገር ግን ቀዩ መብራት ወደ ሮዝ አደላ፣ ፍሬቻውም ብልጭ ድርግም ማለቱን ተወ። ሙሉውን መብራት አውጥቼ በዘመናዊ ልተካው? ፀሐይ ያነጣውን ሽፋንስ ቀይ ቀለም ልቀባው?
(ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ እንኳን ተረፉ። ሙሉውን መብራት አውጥቶ የመተካቱን ሐሳብ ይተዉት። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ሲቀርብ ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነበር፤ የኋላ መብራቶቹ በክንፎቹ መጨረሻ ላይ የተቀመጡት የዚያ ቅርጽ አካል ሆነው ስለሆነ፣ ላሜራው ለሌላ መብራት አንዴ ከተቆረጠ መኪናው የቀድሞ መልኩን መልሶ አያገኝም። የሚያስፈልግዎ ለውጥ ሁሉ በዋናው ሽፋን ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

ሌላ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ግን መስመሩን ይመርምሩ። በአሮጌ መኪና ላይ መብራት የሚደክመው በአብዛኛው በአምፖሉ ጥፋት ሳይሆን ኃይሉ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ስለሚባክን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋላ ውስጥ አንዲት 404 ስሠራ፣ ባለቤቷ አምፖል ደጋግሞ ቀይሮ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት ሲያሳይ፣ ፍሬኑ ተረግጦ አምፖሉ መያዣ ላይ የተገኘው 10 ቮልት ብቻ ነበር። የጎደለው ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የባለ ክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ ቮልቴጁ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ይሆናል። መያዣውን ሳወጣው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ፣ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ (ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት) ደግሞ በየጊዜው በተደራረበ ቀለም ታፍኖ አገኘሁት። ቀለሙን ብረቱ እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁና ከመያዣው እስከ ቦዲው አዲስ የማሳ ገመድ ሳብኩ፤ መብራቱም በዚያው በአሮጌው አምፖል ነፍስ ዘራ።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ሳለ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ መያዣ ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ታሟል ማለት ነው። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂም በአቧራ ከደበዘዘ ይታጠብ፤ ብርማ ቀለሙ ከተላጠም እንደገና ይቀባ።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ኤልኢዲ መግጠሙን እደግፋለሁ። የአምፖል ክር ግሎ ሙሉ ብርሃን እስኪሰጥ ድረስ ወደ 0.2 ሰከንድ ሲፈጅበት ኤልኢዲ ግን ወዲያውኑ ይበራል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ ደንገጎን ጭኖ ለሚወርድ አይሱዙ ደግሞ 3 ሜትር ብዙ ነው። የእርስዎ መብራት ወደ ሮዝ ያደላው ነጭ ስለገዙ ነው። ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን ሆኖ ቢጫ ፎስፈር (ብርሃኑን ወደ ነጭ የሚለውጥ ንጥረ ነገር) የተቀባ ስለሆነ በውስጡ ያለው ቀይ ጥቂት ነው፤ ፀሐይ ያነጣው ቀይ ሽፋን ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀይ ጋር ሌላውንም ቀለም ያሳልፋል። ስለዚህ ለቀይ ሽፋን ቀይ ኤልኢዲ፣ ለብርቱካናማው የፍሬቻ ሽፋን ብርቱካናማ ኤልኢዲ ይግዙ። መብራቶቹ ጫፉ ላይ ብቻ የተደረደሩበትን አይምረጡ፤ እንዲህ ያለው አምፖል መሐል ላይ አንዲት ደማቅ ነጥብ ፈጥሮ አንጸባራቂውን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል፤ ዙሪያውን የሚያበራ ይሁን።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማሳስብዎ በመደበኛው የኋላ መብራትና በፍሬን መብራት መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ባለ ሁለት ክር አምፖል አንዱ ክሩ 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት ሲሆን፣ የብርሃናቸው መጠን ደግሞ በቅደም ተከተል ወደ 35 እና ወደ 440 ሉመን ይደርሳል። በርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ላይ ይህ ልዩነት በእጅጉ ስለሚጠብብ፣ ማታ መብራት አብርተው ሲሄዱ ከኋላ ያለው ሰው ፍሬን መያዝዎን ላይለይ ይችላል። ከገጠሙ በኋላ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው ይቁሙና አንድ ሰው ፍሬኑን እየረገጠ እንዲለቅ ያድርጉ፤ ይህንንም አንድ ጊዜ በቀትር ፀሐይ፣ አንድ ጊዜ በጨለማ ይሞክሩት። ለውጡ ዓይንን ካልሳበ አሮጌው አምፖል ይሻልዎታል።

ፍሬቻው የቆመበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው የጥንቱ ፍላሸር በውስጡ ያለው ብረት በአምፖሎቹ ኤሌክትሪክ እየጋለ ሲታጠፍ መስመሩን የሚያቋርጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያገናኝ ነው፤ ኤልኢዲ የሚወስደው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ብረቱ አይግልም። አንዳንድ ባለሙያዎች ባለ 6 ኦም ሬዚስተር ይቀጥሉበታል፤ እኔ አልመክርም፤ በ12 ቮልት 24 ዋት የሚያህለውን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ አጠገቡ ያለውን ገመድና ፕላስቲክ ሊያቀልጥ ይችላል። ለኤልኢዲ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ይግጠሙ፤ ብዙዎቹ ለማሳ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ስላላቸው እሱን ማሰር አይርሱ።

ሽፋኑን ቀለም አይቀቡት፤ ቀለም ብርሃን ይውጣል። ፊቱ ብቻ ከሆነ የደበዘዘው፣ ባለ 1000 ከዚያም ባለ 2000 የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሱ ይፈትጉትና በፖሊሽ ያወልውሉት። ቀለሙ ራሱ የነጣ ከሆነ ግን ቀዩ ኤልኢዲ ከውስጥ ቀይ ብርሃን ስለሚሰጥ ሌላ ሽፋን እስኪያገኙ ድረስ ሊያገለግልዎት ይችላል። መልሰው ሲገጥሙት ከሥሩ ያለውን የጎማ ጓርኒሲዮን ይቀይሩ፤ የመጋላዋን መያዣ ያዛገው በተሰነጠቀ ጎማ የገባ ውኃ ነበር።