ስለ ሄምፕ ልብስ የጠየቃችሁኝ

ሥራዬ ጨርቅ ነው። ለልብስ ሰፊዎች እየመረጥኩ እገዛለሁ። ሰሞኑን ስለ ሄምፕ፣ ከግንዱ ልጣጭ ጨርቅ ስለሚሠራው ተክል፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ ብያችሁ ነበር። አመጣችሁት።

የሄምፕ ቲሸርት ለብሼ መሥሪያ ቤት የእፅ ምርመራ ቢያደርጉልኝ ጉድ ልሆን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

አይዞሽ፣ ምንም አይነካሽም። ሄምፕና ጋንጃ የአንድ ተክል ዝርያዎች መሆናቸው እውነት ነው። የሚያሰክረው ቲኤችሲ ግን ሄምፕ ውስጥ ኢምንት ነው። የ2018ቱ የአሜሪካ የግብርና ሕግ ጣሪያውን ከደረቅ ክብደቱ 0.3 በመቶ ላይ አድርጎታል። ያቺም ብትሆን በብዛት ያለችው አበባውና ቅጠሉ ላይ ነው። ልብስ የሚሆነው የግንዱ ልጣጭ ነው።

እውነት ከጥጥ ይሻላል ወይስ የሻጭ ወሬ ነው?

እርሻው ላይ ይሻላል። በአራት ወር ገደማ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ተጠጋግቶ ስለሚዘራ አረሙን በጥላው ያፍነዋል፤ ፀረ አረምም ሆነ ፀረ ተባይ ብዙ አይፈልግም። አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው በዝናብ ብቻ ይበቅላል። የአውሮፓ ኮሚሽን አንድ ሄክታር ከ9 እስከ 15 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል ይላል። ቆንጆ ነው። ግን ይህ የእርሻው ቁጥር እንጂ የሸሚዙ አይደለም። ቀለም መንከሩ አለ፣ ማጓጓዙ አለ፣ አንድ ክረምት ለብሶ መጣሉም አለ። «ምድርን የሚያድን ልብስ» የሚል ጽሑፍ ሳይ እኔ መጀመሪያ የማየው የውስጥ መለያውን ነው። 15 በመቶ ሄምፕ፣ ቀሪው ፖሊስተር ከሆነ የፖሊስተር ልብስ ነው የገዛችሁት።

ታዲያ በቀላሉ ከበቀለ ዋጋው ለምን ሰማይ ነካ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጥጥ ፍሬውን ካወጣችሁለት ለመፈተል ብዙም አይቀረውም። የሄምፕ ቃጫ ግን ከእንጨቱ ጋር በተፈጥሮ ሙጫ ተጣብቋል። ግንዱ ታጭዶ ሜዳ ላይ ለሳምንታት ይተኛል። ጤዛና ዝናብ ይመታዋል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ሙጫውን ይበሉታል። ቶሎ ከተነሳ አይላቀቅም፣ ከዘገየ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል። ድሮ ቦሎኛና ፌራራ አካባቢ ያሉ ጣሊያኖች ኩሬ ውስጥ ይዘፈዝፉት ነበር። እስሩ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ሠራተኛው ሽታው አፍንጫ በሚሰነፍጥ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያገላብጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ርካሽ ጥጥና ሰው ሠራሽ ክር ሲመጣ ያ ሥራ ቀረ።

ከዚያ ደግሞ መሰባበር፣ ማራገፍ፣ ማበጠር አለ። ይሄ ሁሉ አልፎ መፍተያው ጋ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይጠብቃል። የዓለም መፍተያ ማሽን በአብዛኛው የተሠራው ለአጭሩ የጥጥ ጭረት ነው፤ የሄምፕ ቃጫ ደግሞ ረጅም ነው። ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ በተልባ እግር (ሊነን) ማሽን መፍተል፣ እሱ ውድ ነው። ወይ ቆራርጦና አለስልሶ ጥጥ ማስመሰል። የጂንስ አምራቹ ሊቫይስ በ2019 ያወጣው 30 በመቶ ሄምፕ፣ 70 በመቶ ጥጥ ልብስ በሁለተኛው መንገድ የመጣ ነው። ሲለብሱት ይለሰልሳል። ግን የሄምፕ ጥንካሬ ያለው ርዝመቱ ላይ ነው፤ ሲቆረጥ የተወሰነው አብሮ ይቆረጣል። ለእኔ ውድ ሸሚዝ ከሆነ ረጅሙ ቃጫ ይሻለኛል።

ልጄ፣ ለሀበሻ ቀሚስ ይሆናል? ሸማኔ ይሠራዋል?

ይሆናል እማማ፣ ግን ለማጉ፣ አግድም ለሚገባው ክር ብቻ ያድርጉት። የሄምፕ ክር አይለጠጥም። ድር (በቁመት የሚዘረጋው ክር) ሲሆን እየተወጠረና እየተፋተገ ስለሚውል ይበጠሳል፣ ሸማኔውንም ያማርረዋል። ድሩን ጥጥ፣ ማጉን ሄምፕ ቢያደርጉት ከበድ ብሎ የሚወርድ ጨርቅ ይወጣዎታል። ለነጠላ ግን አልመክርዎትም፤ ደረቅ ይልብዎታል።

እኛ አገር ለምን አይመረትም?

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እፅ የሚሆንን ተክል ማብቀልን ይከለክላል። ማላዊ በ2020 ሕግ አውጥታ ፈቅዳለች። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚቆጨኝ ሄምፑ አይደለም፣ ተልባው ነው። ተልባ እንዘራለን፣ ፍሬውን ወቅተን ግንዱን እንጥላለን። ለክር የሚሆነው ዝርያ ሌላ ነው፦ ረጅም፣ ቅርንጫፍ የማያበዛ፣ ከሥሩ የሚነቀል። ጨርቁ የሄምፕ ወንድም ነው። ማንንም ፖሊስ ጋ አያስጠራም።

ባክቴሪያ ይገድላል፣ አይሸትም ይላሉ፤ እውነት ነው?

ላብ ቶሎ ይመጥጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ እንደ ፖሊስተር አይሸትም። «ይገድላል» የሚለውን ለሻጩ ተዉለት።

ገዛሁት፣ ይኮሰኩሰኛል። ምን ይሻለኛል?

እጠበው። በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ወር ነው የሚያስቸግረው። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ያለ በረኪና። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተተው፣ ይሰበሰባል። ካውያ የምታደርግ ከሆነ እርጥበት እንዳለው ተኩሰው። የሱሪ መስመር ግን አታውጣለት፤ አንድ ቦታ ደጋግሞ ከታጠፈ ክሩ እዚያው ላይ ይሰበራል።