ልጅ ደመወዝ ማምጣት ሲጀምር፦ ስለ ታክስ ጥያቄና መልስ

እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በታክስ ወቅት የወገኖቼን ወረቀት ሳገላብጥ 14 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ወላጆች የሚያመጡት ጥያቄ አብዛኛው ስለ ልጆቻቸው ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የ2025 ገቢን የሚመለከቱ ናቸው፤ የፌዴራል ታክስ ቅጽ ማስገቢያው እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ16 ዓመት ልጄ ካፌ ሠርታ 6,200 ዶላር አገኘች። በታክሴ ላይ በጥገኝነት (የማስተዳድራት ልጅ ብዬ) የማስመዘግባት እኔ ነኝ። ገቢዋን በእኔ ታክስ ላይ ልጨምረው?

መልስ፦ አትጨምሪው እህቴ። በላቧ ያገኘችው ደመወዝ የራሷ ገቢ ነው፤ ታክስ ካስገባችም በራሷ ስምና በራሷ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። የማስገባት ግዴታ ግን የለባትም። ገቢው ደመወዝ ብቻ የሆነ ያላገባ ጥገኛ ልጅ ግዴታ የሚመጣበት ከ15,750 ዶላር በላይ ሲያገኝ ነው።

ብዙ ወላጅ «ግዴታ የለባትም» የሚለውን ሲሰማ ደስ ብሎት ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ። አሠሪዋ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ጽፎ የሚሰጣትን ደብሊው-2 የሚባለውን ወረቀት አውጪና ቁጥር 2 ሣጥን ላይ ምን እንደተጻፈ ተመልከቺ። እዚያ ላይ 214 ዶላር ቢኖር ያ የተቆረጠባት የፌዴራል ታክስ ነው፤ ሙሉ በሙሉም ይመለስላታል። ነገር ግን ራሷ አስገብታ ካልጠየቀች ማንም ቤቷ ድረስ አያመጣላትም። የመጠየቂያው ጊዜ 3 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የመንግሥት ሆኖ ይቀራል።

ቁጥር 4 እና ቁጥር 6 ላይ ያለው ሌላ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) 1.45 በመቶ፣ በድምሩ ወደ 474 ዶላር ተቆርጦባታል። ይህ አይመለስም። ልጆች በመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ሲያዩት «ማን ወሰደብኝ?» ብለው ያኮርፋሉ። በከንቱ አልሄደም በያት፤ በ2025 እያንዳንዱ 1,810 ዶላር አንድ የጡረታ ነጥብ ስለሚያስገኝ ከሚያስፈልጓት 40 ነጥቦች 3ቱን በ16 ዓመቷ ይዛለች።

ጥያቄ፦ እኔ 18 ዓመቴ ነው። በስልኬ ራሴ ታክሴን አስገባሁ፣ 180 ዶላርም ተመለሰልኝ። አሁን የእናቴ ታክስ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት?

መልስ፦ አንተ ነህ፣ ግን አትደንግጥ። በቅጹ ላይ «ሌላ ሰው በጥገኝነት ሊያስመዘግብህ ይችላል ወይ?» የሚል ሣጥን አለ፤ እሱን ሳትነካ አልፈሃል ማለት ነው። የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ የአንተን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲያይ ሁለተኛዋን፣ ማለትም እናትህን፣ መለሳት። የሚያናድደው ሣጥኑን መዝለልህ ለአንተ አንድ ሳንቲም አልጨመረልህም፤ የ180 ዶላሩ ተመላሽ ያው ነበር። እናትህን ግን በአንተ የምታገኘውን 500 ዶላር የጥገኛ ድጋፍ ያሳጣታል፤ ብቻዋን የምታሳድግህ ከሆነ ደግሞ በቤተሰብ ኃላፊነት (ታክሷ በሚቀንስበት መደብ) ለማስገባት ያላትን መብት ሊነካባት ይችላል።

አንተ 1040-ኤክስ በሚባለው ቅጽ አስተካክል። እናትህ ቀኑ እንዳያልፍባት ወረቀቱን አትማ ፈርማ በፖስታ ልትልክ ትችላለች። በእኔ ልምድ ከልጆች ስህተት ሁሉ በብዛት የሚመጣው ይህ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ልጆቻችሁ ያንን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት አጠገባቸው ቁሙ።

ጥያቄ፦ ልጃችን 17 ዓመት ሞላው፣ ሥራም ጀመረ። ሲመጣልን የነበረው 2,000 ዶላር 500 ሆነ። ሥራውን ይተው?

መልስ፦ ኧረ አይተው! የቀነሰው በሥራው ሳይሆን በልደቱ ነው። ሙሉው የልጅ ድጋፍ የሚሰጠው በዓመቱ መጨረሻ 17 ላልሞላው ልጅ ብቻ ነው። አብሯችሁ ከግማሽ ዓመት በላይ ከኖረና ከመተዳደሪያው ግማሽ በላይ የሆነውን በራሱ ገንዘብ ካልሸፈነ፣ 19 እስኪሞላው ጥገኛችሁ ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ደግሞ እስከ 24። 20 ሺህ ዶላር አግኝቶ ባንክ ቢያስቀምጠው እንኳ ጥገኝነቱ አይፈርስም፤ የሚታየው ያገኘው ሳይሆን ለራሱ መተዳደሪያ ያወጣው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። 2,800 ዶላር በጥሬ ገንዘብ አግኝታለች። ትንሽ ስለሆነ ምንም የለባትም አይደል?

መልስ፦ ያሳዝናል እንጂ አለባት። ካፌ የሠራችው 6,200 አግኝታ ግዴታ የለባትም፤ ሹሩባ የምትሠራው በግማሹ ትጠየቃለች። በግል ሥራ ወጪ ተቀንሶ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያተረፈ ሰው፣ ዕድሜው ምንም ቢሆን፣ ማስገባት አለበት። ለዊግና ለቅባት 400 ዶላር አውጥታ ከሆነ ትርፏ 2,400 ነው። የገቢ ግብር ዜሮ ነው፤ ነገር ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሷ ስለሆነች የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ሁለቱንም ድርሻ ትከፍላለች፤ ወደ 339 ዶላር ይመጣል። የዊጉን ደረሰኝ የምትጥል ልጅ ገንዘብ እየጣለች ነው።

ጥያቄ፦ 3,000 ዶላር ደመወዝና 500 ዶላር የባንክ ወለድ ያለውስ?

መልስ፦ ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ወለድ ሲቀላቀል መለኪያው ይለወጣል፦ ደመወዙ ላይ 450 ትደምራለህ፣ 3,450 ይሆናል። ጠቅላላ ገቢው 3,500 ስለሆነ በ50 ዶላር አልፏልና ግዴታ አለበት። የሚከፍለው ጥቂት ዶላር ነው፤ ለዚያች ብሎ ሙሉ ቅጽ ይሞላል። ደመወዝ የሌለው፣ ወለድ ብቻ ያለው ልጅ ደግሞ ከ1,350 ዶላር ካለፈ ያስገባል።

ጥያቄ፦ የጤና ኢንሹራንሳችን በኦባማ ኬር ነው። ልጁ ታክስ ካስገባ ድጎማችን ይቀንሳል ብለውኝ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የጥገኛ ልጅ ገቢ ከቤተሰቡ ገቢ ጋር የሚደመረው ልጁ የማስገባት ግዴታ ሲኖርበት ብቻ ነው። ግዴታ ሳይኖርበት የተቆረጠበትን ለማስመለስ ብቻ ካስገባ አይደመርም። ስለዚህ በዚህ ፍርሃት የልጁን ገንዘብ አትተዉ።

ጥያቄ፦ በራሳችን ምግብ ቤት የ15 ዓመት ልጃችን ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠራል። ደመወዝ ብንከፍለው?

መልስ፦ ምግብ ቤቱ በአንዳችሁ ስም ብቻ ከሆነ ወይም ሸሪኮቹ ሁለታችሁ ወላጆቹ ብቻ ከሆናችሁ፣ 18 እስኪሞላው ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር አይቆረጥበትም። ኮርፖሬሽን ከሆነ ይህ የለም። ሥራው እውነተኛ፣ ክፍያውም ለሌላ ሰው የምትከፍሉት ያህል ይሁን፤ ሰዓቱንም መዝግቡ። ዕቃ ለሚያጥብ ልጅ በሰዓት 60 ዶላር «ከፈልን» ያሉ ሰዎች ወረቀት በእጄ ገብቶ ያውቃል። አልፈረምኩበትም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ልጁ የሚሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ለየትኛው?

መልስ፦ ለቨርጂኒያ። ዲሲ እዚያ የማይኖርን ሰው ደመወዝ አይቀርጥም፤ በስህተት ከተቆረጠበት ከዲሲ ያስመልስ። በቨርጂኒያ ያላገባ ሰው ግዴታ የሚመጣበት ከ11,950 ዶላር ጀምሮ ነው፤ ማስገቢያውም ሜይ 1 ነው። ከዚያ በታች ቢሆንም ተቆርጦበት ከሆነ፣ እዚህም አስገብቶ ያስመልስ።

ጥያቄ፦ ለዘንድሮ እንዳይቆረጥበት ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። አምና ምንም የፌዴራል ታክስ ያልነበረበትና ዘንድሮም የማይኖርበት ልጅ ለአሠሪው በሚሰጠው ደብሊው-4 በሚባለው ቅጽ ላይ ነጻ መሆኑን ይጻፍ። በየዓመቱ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ካላደሰው ግን አሠሪው እንደገና መቁረጥ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ለአያቱ አዲስ አበባ 300 ዶላር ልኳል። ይቀነስለታል?

መልስ፦ አይቀነስለትም። ምርቃቱን ግን አይአርኤስ አይነካውም።

ጥያቄ፦ 13 ዓመት ላለው ልጅ ማን ይፈርማል?

መልስ፦ መፈረም ከቻለ ራሱ። ካልቻለ ስሙን አንቺ ትጽፊና ከሥሩ «ወላጅ፣ ስለ ልጁ» ብለሽ ትፈርሚያለሽ።